ያቆሙት ነገር አለ?

እህቴ «የወገቤ መድኃኒት» ነበር የምትለው። ከቨርጂኒያ በመጣች ቁጥር ብርቱካንማዋ የፕላስቲክ ብልቃጥ ከእጅ ቦርሳዋ አትጠፋም። ጠዋት እህል ቀመስ ታደርግና አንድ ፍሬ ትውጣለች፣ ክዳኑን ተጭና ትዘጋለች፣ በቃ። ምንድነው ብለን ጠይቀናት አናውቅም። አሜሪካ የሚኖር ሰው የሚውጠው ኪኒን አያጣም ብለን ይመስለኛል።

ወገቧን የጎዳት ሥራዋ ነው። አሌክሳንድሪያ አካባቢ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ለዓመታት ሠርታለች። ሥራው ሰው ማንሳት ነው፤ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ቤት። አንድ ቀን አንድ ግዙፍ ሽማግሌ ሊወድቁ ሲሉ ተሸክማ ያዘቻቸው። እሳቸው ተረፉ፣ የእሷ ወገብ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም። ኤምአርአይ ተነሳች፣ ፊዚዮቴራፒ ተመላለሰች፣ ኢቡፕሮፌኑ ጨጓራዋን አቃጠላት። በመጨረሻ ሐኪሟ ዱሎክሴቲን 60 ሚሊግራም አዘዘላት። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 ለድብርትና የስኳር በሽታ ለሚያመጣው የነርቭ ሕመም፣ በ2010 ደግሞ ሥር ለሰደደ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም የተፈቀደ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። እሷም ብትሆን ድብርት የሚባለውን ነገር ከወገቧ ጋር አገናኝታው አታውቅም ነበር።

እናታችን በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ አረፈች። እህቴ የደረሰችው ከቀብሩ ማግስት ነው፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሳ። ሻንጣዋን በወጉ ለማሰናዳት እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ ኢንሹራንሷ መድኃኒቱን የወር የወር እየቆጠረ ስለሚሰጣት፣ ይዛ የመጣችው ብልቃጡ ውስጥ የተረፈውን ብቻ ነው። ሐሳቧ ሠልስቱን አድርሳ መመለስ ነበር። አክስቶቻችን «የእናትሽን አርባ ሳታወጪ ነው የምትሄጂው?» ሲሏት አንጀቷ አልቻለም፣ ትኬቷን አራዘመች።

ብልቃጡ ባዶ ሲሆን ለማንም አልተነፈሰችም። «ቢበዛ ወገቤን ያመኛል፣ እችለዋለሁ» ብላ ነበር። ወገቧማ መጀመሪያ ላይ ያን ያህልም አላመማትም።

እኔ ልብ ያልኩት ቡና ስትቀዳ ነው። ጀበናውን ይዛ ከበር የገባውን ሰው ለማየት ዓይኗን ወደ ጎን መለስ ስታደርግ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ቡናው ከስኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ።

«ምነው እታለም?» አልኳት።

«ጭንቅላቴ ውስጥ ኮረንቲ አለፈ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዓይኔን ባዞርኩ ቁጥር ዝዝዝ ይለኛል። ከትናንት ወዲያ ነው የጀመረኝ።»

ሌሊት ሌሊት ላብ እያጠመቃት ቢጃማዋን ትቀይራለች። እንቅልፍ ሲወስዳት እናታችን በስሟ ስትጠራት ትሰማና ብድግ ትላለች። ጠዋት ያቅለሸልሻታል፣ ሽሮው ሲሸታት ፊቷን ታዞራለች፤ ስትቆም መሬቱ ይከዳታል። ማልቀሷን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፣ ለቅሶ ቤት ነውና። እኔን ያስደነገጠኝ ቁጣዋ ነው። የእድሩ ዳኛ ስለ ወንበር ኪራይ አንድ ነገር ቢናገሩ፣ በልጅነቷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው እህቴ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ ጮኸችባቸው። ወዲያው እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር ሐዘን ቤት ውስጥ ሲሆን ተርጓሚው ብዙ ነው። አንዷ አክስታችን «ሳትቀብራት ስለቀረች ነው፣ እንባዋ ወደ ውስጥ ፈሰሰ» አሉ። ሌላዋ ጸበል ይዘው መጡ። ከፍታው ነው ያለም ነበር፣ ከአዲስ አበባ ርቆ ለከረመ ሰው ይከብዳል ብሎ። ጎረቤታችን ደግሞ ታይፎይድ ነው ብላ ክሊኒክ ወሰደቻት። ደም ተወሰደ፤ ታይፎይድም ታይፈስም ተገኘባት። በዚህ ከተማ ደም ሰጥቶ ሁለቱ ሳይገኙበት የተመለሰ ሰው እኔ አላየሁም። ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዘዘላት፤ ወረቀቱን ይዤ ወደ ፋርማሲ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ሐዘን ነው ያሉት ሰዎች ውሸታቸውን አልነበረም። እህቴ እናቷን አጥታለች፤ ቀብሯ ላይ አልደረሰችም። ነገሩን የከደነውም ይኸው ነው። ላቡም፣ ቅዠቱም፣ እንባውም፣ ምግብ መጥላቱም ከሐዘን ጋር የሚሄድ ነው። ኮረንቲው ብቻ ነበር ቦታ ያጣው።

ፋርማሲስቷ ወጣት ልጅ ናት። ማዘዣውን አይታ ወዲያው መደርደሪያው ጋ አልሄደችም።

«ትኩሳት አላቸው?»

«የለባትም።»

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት?»

«ምንም።»

«በቅርቡ ያቆሙት ነገርስ አለ?»

ይህን የጠየቀ ሰው እስከዚያች ሰዓት አልነበረም። ክሊኒኩ የምትወስደውን ጠይቋታል፣ እሷም እውነቷን ነው፣ ምንም አልወስድም አለች። ያን ጊዜ የምትወስደው ነገር አልነበራትማ። እዚያው ቆሜ ደወልኩላት። «የወገቤ መድኃኒት አልቆብኛል፣ ምነው?» አለችኝ። ብልቃጡን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ልጅቷ ስልኬን ተቀብላ በሁለት ጣቷ ምስሉን አጎላችው፣ አነበበችው፣ የሲፕሮ ማዘዣውንም አጥፋ መለሰችልኝ።

ከዚያ በቀስታ አስረዳችኝ። ዱሎክሴቲን ከደም ውስጥ ቶሎ ነው የሚወጣው፤ በ12 ሰዓት ገደማ ግማሹ ይሄዳል፣ በሁለት ሦስት ቀን ጨርሶ አለ ለማለት አይቻልም። ለዓመታት ከመድኃኒቱ ጋር የኖረው ነርቭ ግን በዚያ ፍጥነት አይለምድም። ኮረንቲው፣ መሬት መክዳቱ፣ ላቡ፣ ቅዠቱ፣ ብስጭቱ ከዚያ የሚመጣ ነው። «ሱስ ይዟታል ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሱስማ ቢሆን ያምራቸው ነበር። እሳቸው መድኃኒቱ ትዝም አላላቸው» አለች። ሲፕሮ ደግሞ ጉበት ዱሎክሴቲንን እንዳያጣራ ስለሚያዘገየው፣ መድኃኒቱን እንደገና የሚጀምሩ ከሆነ ሁለቱ አብረው መዋጥ እንደሌለባቸው ነግራኝ፣ ዛሬውኑ ሐኪም እንዲያያት አጥብቃ አሳሰበችኝ። ወደ አእምሮ ሐኪም የላከችን እሷ ናት፤ ይህን መድኃኒት ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው ብላ።

ቤት ውስጥ ጦርነት ተነሳ። «የአእምሮ ሐኪም? እናቷ ሞታባት ስላለቀሰች?» አሉ ትልቋ አክስቴ። ብልቃጡ የድብርት መድኃኒት መሆኑ ሲሰማማ ባሰ፤ «የአማኑኤል መድኃኒት ነው ለካ የሚያውጧት» ተባለ። እህቴም ቅር አላት፤ በእኔ ሳይሆን በቨርጂኒያው ሐኪሟ። «ለወገቤ ነው የተሰጠኝ። ለምን አልነገሩኝም?» ትላለች። ምናልባት ነግረዋት በጥድፊያው አልሰማች ይሆናል፤ ሲታዘዝላት የነበራት ጊዜ ሩብ ሰዓት አይሞላም ነበር።

ሐኪሙ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ትዕግሥት ያላቸው ሰው ነበሩ። መጀመሪያ የጠየቋት ራሷን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶባት እንደሆነ ነው፣ ሳያለሳልሱ፣ በግልጽ ቃል። የለም አለች። ቀጥለው ስለ ደም ግፊቷ፣ ስለ ጉበቷ፣ ከዚህ በፊት ከልክ ያለፈ ደስታ ወይም እንቅልፍ ማጣት አጋጥሟት እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ ብዕራቸውን ይዘው ባዶ ወረቀት ላይ አንጎልና አከርካሪ ሳሉላት። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፣ ሥዕላቸው ግን ከእኔ ይሻላል። ሕመም ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ነገር አይደለም፤ አንጎልም በበኩሉ በአከርካሪው በኩል ወደ ታች መልእክት እየላከ ሕመሙን ያለዝባል፤ ለዚህም ከሚገለገልባቸው ኬሚካሎች ሴሮቶኒንና ኖራድሬናሊን ይገኙበታል። መድኃኒቱ እነዚህ ሁለቱ ቶሎ እንዳይመጠጡ ይይዛል። ድብርት የሌለበት ሰው ለወገቡ የሚወስደው ስለዚህ ነው። ድንገት ሲያቆም የሚደርስበትም ድብርት ካለበት ሰው አይለይም፤ ነርቩ ለምን እንደታዘዘለት አያውቅም።

ታይፎይድ የሚያሰኝ ምልክት አላዩባትም፤ ሲፕሮውን ተዪው አሏት። ዱሎክሴቲኑን በ30 ጀምራ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ 60 እንድትመለስ አዘዙ። እህቴ «ጌታዬ፣ ካቆምኩት አይቀር እንደዚያው ልተወው?» ብትላቸው ፈገግ አሉ። «መተው ይቻላል። ግን አሁን አይደለም። ሐዘን ላይ ነሽ፣ ቤትሽም እዚህ አይደለም፣ አርባው ገና ነው። ቤትሽ ገብተሽ፣ ከሐኪምሽ ጋር ተማክረሽ፣ ቀስ እያልሽ ትወርጃለሽ።»

ማዘዣውን ይዞ መድኃኒቱን ማግኘት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ጥቁር አንበሳ ዙሪያ ያሉትን ፋርማሲዎች አንድ በአንድ አዳረስኳቸው። «የለም»፣ «ነበረ፣ አልቋል»፣ «ከውጭ የሚመጣልህ ሰው የለም?» አንዱ በእሱ ፈንታ አሚትሪፕቲሊን ልስጥህ አለኝ፣ ያውም እያግባባኝ። በመጨረሻ ቦሌ አንዲት ጠባብ ፋርማሲ ውስጥ የሕንድ ሥሪት የሆነ ባለ 30 ሚሊግራም አገኘሁ። ዋጋውን ለእህቴ ስነግራት ወደ ዶላር መታ «ርካሽ ነው» አለች፤ እኔ የምከፍለው በመምህር ደሞዝ መሆኑን ረስታው።

በማግስቱ ኮረንቲው ቀለል አለላት፣ በሦስተኛው ቀን ጠፋ። እንባዋ አልጠፋም፤ ሐዘኗ የራሷ ነው። ግን ሽሮ በላች፣ ተኛች፣ የእድሩን ዳኛ እጅ ስማ ይቅርታ ጠየቀች። ትልቋ አክስቴ ጸበሉ ነው አሉ። አልተከራከርኳቸውም።

አርባው እስኪወጣ ማታ ማታ በረንዳ ላይ እየተቀመጥን ስለዚሁ ነገር እናወራ ነበር። እሷ ቁጭ ብላ ታስባለች፣ እኔ በስልኬ አነባለሁ። በዚያው በፈረንጆቹ 2023 ኮክሬን የተባለው የተመራማሪዎች ስብስብ ለሥር ሰደድ ሕመም የሚታዘዙ የድብርት መድኃኒቶችን ሁሉ መርምሮ ውጤቱን አውጥቷል። 176 ጥናቶችን አገላብጠው፣ አስተማማኝ ማስረጃ ያገኙለት ይኸው ዱሎክሴቲን ነው፤ የእህቴ ሐኪም ከሜዳ ተነስቶ አላዘዘላትም ማለት ነው። ሆኖም የጥናቶቹ ርዝመት በአማካይ 10 ሳምንት ነበር። እህቴ መድኃኒቱን የወሰደችው ለዓመታት ነው። ሰው ለዓመታት ሲወስደው ምን እንደሚሆን በወጉ ሳይጠና ሚሊዮኖች ይውጡታል፤ ይህ እስካሁን ያበሳጨኛል።

ስለ ማቆሙ ደግሞ ሆሮዊትዝና ቴይለር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የጻፉትን አገኘሁ። የሚሉት ይህ ነው፦ እንዲህ ዓይነቱ መድኃኒት አንጎል ላይ የሚያሳድረው ኃይል ከመጠኑ ጋር እኩል አይሄድም። ከ60 ወደ 40 ሲወረድ አንጎል ላይ የሚቀንሰው ትንሽ ነው፤ ከ20 ወደ ባዶ ሲወረድ ግን ገደል ነው። ስለዚህ ወደ ታች በተጠጋን ቁጥር እርምጃው ማነስ አለበት። የእንግሊዝ የጤና መመሪያም በ2022 ይህንኑ መንገድ መክሯል። ይህን ሳነብላት እህቴ ወዲያው ያዘችው፦ «እንደ ወጥ ጨው ነዋ! የመጀመሪያዋ ቁንጥር ናት ወጡን የምትለውጠው፣ ከዚያ በኋላማ ብትጨምር ባትጨምር ብዙም አይታወቅህ። ስታወጣውም የመጨረሻዋን ቁንጥር ስታወጣ ነው አልጫ የሚሆነው።»

ቨርጂኒያ ተመለሰች። ሐኪሟ አልተቃወመም፤ መውረጃውን አብረው አወጡ፦ ከ60 ወደ 40፣ ወደ 30፣ ወደ 20። በየደረጃው ሳምንታት ትቆያለች፤ ካልተመቻት እዚያው ትቆማለች፣ መቸኮል የለም። እሷ ደግሞ ደብተር ገዝታ ሦስት ዓምድ አሰመረችበት፦ ራስ፣ እንቅልፍ፣ ወገብ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በስልክ ታነብልኛለች።

ደብተሩ የጠቀማት ወደ 30 ስትወርድ ነው። በሦስተኛው ቀን ወገቧ ተነሳባት። «በል ተመለሰብኝ፣ ልተወው ነው ይህን ነገር» አለችኝ፣ ተስፋ ቆርጣ። «ራስ» በሚለው ዓምድ ሥር ምን እንዳለ ስጠይቃት ኮረንቲ፣ ማዞር አለች። ሐኪሟም ያንኑ ነው ያላት፦ መጠኑ በተቀነሰ በቀናት ውስጥ፣ ከማዞርና ከኮረንቲ ጋር አብሮ የመጣ ሕመም የመውረዱ ነው፤ ይቆይና ይሄዳል። ዋናው በሽታ ቢሆን ዘግይቶ፣ ብቻውን፣ ቀስ በቀስ ነበር የሚመጣው። ሁለት ሳምንት ጠበቀች፤ ሄደ። በክረምት የመጣው ግን ሌላ ነው። በረዶ ስትዝቅ ውላ ማግስቱን የጀመራት ነው፣ ራሷም እንቅልፏም ደህና ነበር። ለዚያ ወደ ፊዚዮቴራፒስቷ ተመለሰች እንጂ ወደ ብልቃጡ አልተመለሰችም።

አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ቀን እየዘለልሽ ዋጪው ብላት ነበር። ብዙ ሰው የሚመክረው ነው፤ ለዚህ መድኃኒት ግን አይሆንም። በ12 ሰዓት ግማሹ የሚሄድ መድኃኒት አንድ ቀን ሲዘለል በየሁለት ቀኑ እንደ አዲስ መቋረጥ ነው።

20 ላይ ስትደርስ ግድግዳ ሆነ። ከዚያ ያነሰ እንክብል የለም። ሐኪሟ «እንግዲህ ትንሽ ነው የቀረው፣ ዝም ብለሽ አቁሚው» አላት። እህቴ እንግሊዝኛዋ ስትናደድ ነው የሚጠራው፤ አዲስ አበባ ላይ የደረሰባትን ከረከቦቱ ጀምራ ነገረችው። እንክብሉን ፈትታ ማካፈል ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች የጨጓራ አሲድ እንዳያበላሻቸው የተለበጡ ናቸው፤ ቢፈጩ ወይም ቢታኘኩ መድኃኒቱ ሳይሠራ ይቀራል። ተከፍቶ ምግብ ላይ የሚነሰነስ ሥሪት ከ2019 ጀምሮ እዚያ አለ፣ ኢንሹራንሷ ግን አልሸፍንም አለ። በመጨረሻ ሐኪሟ ከአንዲት የሥነ አእምሮ ሐኪም ጋር ተማክሮ ለአጭር ጊዜ ፍሉኦክሴቲን ሰጣት። ያ ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅ ራሱ ቀስ እያለ ያወርዳል። ለሁሉም ሰው የሚሆን መንገድ አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩም በሐኪም እጅ የሚደረግ ነው። ለእሷ ሠራላት። ያ ሳይሆን ቀርቶ 20 ላይ ብትቀርም እኔ እንደ ሽንፈት አላየውም ነበር።

ወገቧ ዛሬም ያማታል፤ መድኃኒቱን ስትወስድ ያማት ከነበረው ግን አልባሰም። ሰው ማንሳቱን ትታ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ሕፃናት ትጠብቃለች፤ ከመድኃኒቱም ከማቆሙም በላይ የረዳት ይህ ይመስለኛል።

ወሬው ሰፈር ውስጥ መዛመቱ አልቀረም። አልማዝ ባለጭራ ጎኗን ካቃጠላት ወዲህ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን 25 የምትወስድ አንዲት ጎረቤታችን፣ «የእህትህን ሰማሁ፣ እኔም ልጥለው ነው» ብላ መጣች። አሁንም ያቃጥልሻል ወይ አልኳት። «ኧረ አሁንስ እተኛለሁ።» አፍሽን ያደርቀዋል? «ትንሽ።» ይዣት ወደዚያችው ፋርማሲስት ሄድኩ። ልጅቷ ልቧ ምቱን ዘልሎባት ያውቅ እንደሆነ፣ ሽንት ይከለክላት እንደሆነ፣ ስለ ዓይኗም ጠየቀቻት፤ ከሠራላት ለመጣል የሚያቻኩል ነገር እንደሌለ፣ መሞከር ከፈለገች ግን ሐኪሟን ጠይቃ በጥቂት በጥቂቱ እንደሆነ ነገረቻት። ጎረቤቴ እስካሁን ትወስደዋለች።

እህቴ ጨርሳ ካቆመች በኋላም የቨርጂኒያው ፋርማሲ ስልኳ ላይ «መድኃኒትሽ ተዘጋጅቷል» የሚል መልእክት መላኩን አልተወም፤ በየወሩ በራሱ እንዲታደስ ተመዝግቦ ኖሯል። አንድ ቅዳሜ የተረፏትን እንክብሎች ይዛ ሄደች፣ መግቢያው አጠገብ ያለው የመድኃኒት መጣያ ሣጥን ውስጥ ከተተች፣ ከዚያ ተሰልፋ ከዝርዝሩ ሰርዙልኝ አለች። የፋርማሲው ልጅ ኮምፒውተሩን እየነካካ «ማቆምሽን ሐኪምሽ ያውቃል?» አላት።

«ስንት ዓመት ስወስድ አንድ ቀን ያልጠየቁኝን!» አለችኝ በስልክ፣ እየሳቀች። «ያውቃል አልኩት። ቀጥሎ የጉንፋን ክትባት ልውጋሽ አለኝ።»